ቀስት ጥሎ ጎራዴ መምዘዝ፦ በአንድ ተራ ስንቴ ይፈቀዳል?

ዲኤም ከዚራ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ጭቅጭቅ ይዤ መጥቻለሁ፣ ፍረዱን።

ከዚራ አንድ ጓደኛችን ቤት ዲ ኤንድ ዲ (እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን የጀብዱ ጨዋታ) እንጫወታለን። ሁሌም ከመሸ ነው፤ በድሬ የቀን ሙቀት ማን ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል? ዲኤሟ፣ ማለትም ጨዋታውን የምመራው፣ እኔ ነኝ። አንዱ ተጫዋች ሬንጀር (አዳኝ ተዋጊ) ነው፣ ቀስትም ጎራዴም ይዟል። ጠላት ሲርቅ ይተኩሳል። ሲቀርብበት ቀስቱን መሬት ይጥልና ጎራዴውን መዝዞ በዚያው ተራ ይመታል። በሚቀጥለው ተራ ጎራዴውን ጥሎ ቀስቱን ያነሳል። «መጣል ነፃ ነው፣ ማንሳት ደግሞ አንዴ ይፈቀዳል» ባይ ነው።

ፋይተራችን (ጋሻ ያዡ ተዋጊ) በዚህ ነገር በግኗል። «እኔ ጋሻዬን ለማውለቅ አንድ ሙሉ አክሽን (የተራዬን ዋና ሥራ) እከፍላለሁ፣ እሱ በየተራው መሣሪያ እንደ ካልሲ ይቀያይራል» ይላል። ሁለቱም መጽሐፍ ገልጠው አሳዩኝ። ሁለቱም ያሉት ተጽፏል። ባለፈው ከጎብሊን ጋር ከተዋጋነው እርስ በርስ የተነታረክነው ይበልጣል።

እናንተ ጋ ይሄ ነገር እንዴት ነው?

ሰንጋ በር

እህቴ፣ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ጥያቄ። መጽሐፎቹ የየትኛው ዓመት ናቸው?

ዲኤም ከዚራ

የሬንጀሩ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ነው። የፋይተሩ አዲሱ፣ የ2024ቱ። ለውጥ አለው እንዴ?

ሰንጋ በር

አቦ፣ ጭቅጭቁ ከዚህ ነዋ የመጣው!

በ2014ቱ ሕግ በአንድ ተራ አንድ ዕቃ ብቻ በነፃ ትነኪያለሽ። በር መክፈት፣ ጎራዴ መምዘዝ፣ ቀስት ማንሳት፣ ሁሉም እንደ አንድ ይቆጠራል። ሁለተኛ ዕቃ ከፈለግሽ አክሽንሽን ትከፍያለሽ። ስለዚህ ቀስቱን በሥርዓት ትከሻው ላይ አንግቶ ጎራዴ መምዘዝ ሁለት ሥራ ነው። በዚያ ተራ መምታት የለም። ሬንጀሩ የሚጥለው ለዚህ ነው። መጣልን አብዛኛው ጠረጴዛ እንደ ሥራ አይቆጥረውም፣ ስለዚህ ማንሳቷ ወይ መምዘዟ ብቻ ትቀራለች። በአሮጌው ሕግ ልጁ ልክ ነው።

የ2024ቱ ሌላ ነው። የአታክ (የመምታት) አክሽን ስትወስጂ፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ መሣሪያ መምዘዝ ወይም ማስቀመጥ ትችያለሽ። ከምቱ በፊትም ይሁን በኋላ። መጣልም እዚሁ «ማስቀመጥ» ውስጥ ተጠቅሷል። የድሮዋ አንድ ነፃ ንክኪ ደግሞ አልቀረችም። ሁለቱን ስትደምሪ አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ጀማሪ እንኳ ቀስቱን አንግቶ፣ ጎራዴውን መዝዞ፣ በዚያው ተራ ይመታል። ምንም መሬት መጣል አያስፈልግም። አምስተኛ ደረጃ ደርሶ ሁለት ምት ያገኘ ፋይተር ደግሞ አንዷን በቀስት፣ ሁለተኛዋን በጎራዴ ማድረግ ይችላል።

የጋሻው ግን አልተለወጠም። በሁለቱም መጽሐፍ ማጥለቁም ማውለቁም አክሽን ይበላል። ፋይተሩ የተናደደው በሬንጀሩ ሳይሆን በጋሻው ነው።

ዋናው ነገር አንዱን መጽሐፍ ምረጡ። ሁለቱን እያደባለቃችሁ እስከ ፋሲካ ብትጫወቱ አትስማሙም።

ገገማው ጎብሊን

የሁላችሁም መልስ ረጅም ነው። የኔ አጭር። ቀስቱን መሬት ጣለው? ጎብሊኑም እኮ በተራው አንድ ነፃ ንክኪ አለው። ያንሳና ይሩጥ።

ዲኤም ከዚራ

😂😂 ወላሂ ይሄን ቅዳሜ አደርገዋለሁ።

የሳቢያኑ ቀስተኛ

ሬንጀሩ እኔ ነኝ። ሰላም ለሁላችሁ። ዲኤማችን ስሜን ሳትጠራ ስላማችኝ አመሰግናለሁ።

እስቲ የኔንም ስሙ። ጠላት 5 ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀስት ብተኩስ ዲስአድቫንቴጅ አለብኝ። ሁለት ዳይስ ጥዬ ትንሹን ነው የምወስደው። ጎራዴ ካልመዘዝኩ ምን ላድርግ? ልሽሽ? ስሸሽ ደግሞ ከኋላ ይመታኛል። ቀስት የመረጥኩት ለቅጣት አይደለም።

ሌላም አለ። ቀስት ብቻ ይዤ ተራዬን ከጨረስኩ ጠላት አጠገቤ አልፎ ወደ ጠንቋያችን ሲሄድ ላስቆመው አልችልም። ያ የሪአክሽን ምት (በሌላው ተራ የምትመታው) በቅርብ መሣሪያ ነው፣ በቀስት አይሆንም። በቡጢ ይቻላል ትሉኛላችሁ። የኔን ሬንጀር ጡንቻ ያየ በቡጢ አይልም።

ስለዚህ ጎራዴ የምመዘው ለመምታት ብቻ አይደለም፤ መንገድ ለመዝጋትም ነው።

መኪና ግርግር

@የሳቢያኑ ቀስተኛ መንገድ መዝጋት ያልከው ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ግን ቀስቱን ለምንድነው የምትጥለው? በግራ እጅህ ያዘው እንጂ!

ቀስት ሁለት እጅ የሚፈልገው በምትተኩስበት ቅጽበት ብቻ ነው። ለመያዝ አንድ እጅ ይበቃዋል። ቀስት በግራ፣ ጎራዴ በቀኝ ሆነህ ተራህን ጀምር። ጎራዴውን በነፃዋ ንክኪ ወደ አፎቱ መልሰው። ተኩስ። ከምቱ በኋላ በ2024ቱ ሕግ ጎራዴውን እንደገና ምዘዝ። ተራህ ሲያልቅ ቀስት በግራ፣ ጎራዴ በቀኝ። የሚያልፈውን ሁሉ መጥለፍ ትችላለህ። ይሄን በየተራው መድገም ይቻላል። ጎብሊንም ቀስትህን አይሰርቅም።

በ2014ቱ ግን አይሠራም። ጎራዴውን ስትመልስ ነፃዋ ንክኪ አለቀች፣ መልሰህ አትመዝም።

የሳቢያኑ ቀስተኛ

አቦ ይመችህ! 2024ን መርጫለሁ።

ዲኤም ከዚራ

አንተ አይደለህም የምትመርጠው።

የጥንቱ

ልጆች፣ እናንተ ተቀማጥላችኋል። እኛ የድሮውን የዲ ኤንድ ዲ እትም፣ 3.5ን፣ ስንጫወት መሣሪያ መምዘዝ የእርምጃህን ግማሽ የሚበላ ሥራ ነበር። ሙቭ አክሽን ነው። ትንሽ ልምድ ካለህ እየተራመድክ ትመዛለህ፣ ጀማሪ ከሆንክ ቆመህ ነው። መልሶ ወደ አፎት መክተት ደግሞ ሌላ ሙቭ አክሽን፣ ያውም አጠገብህ ያለ ጠላት በነፃ እየመታህ። መጣል ያኔም ነፃ ነበር። ማንሳት ግን እንዲሁ ያስመታል። ቶሎ መዝዞ መምታት የፈለገ «ኩዊክ ድሮው» የሚባለውን ፊት (ልዩ ችሎታ) ይገዛል። ያው ፊት ውድ ነው፣ ስንቱን ትተህ ነው የምትወስደው።

አጠገብህ ጠላት ቆሞ ቀስት ብትተኩስ ደግሞ ዲስአድቫንቴጅ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ይመታሃል። ስለዚህ ሰው ገና ውጊያ ሳይጀመር ያስብ ነበር። በቀስት ልጀምር? ርቀቱ ስንት ነው? ስንት ዙር አገኛለሁ? አሁን ሁሉም ነፃ ሆነና ማሰብ ቀረ። ቀስተኛ ሲባል ድክመቱ ቅርብ ርቀት ነው። ያንን ስታነሱለት ምኑ ቀረ?

ፈላና

ጋሼ፣ በክብር ልቃወምዎት ነው። በ3.5 ሰው አስቦ ሳይሆን ፈርቶ ነበር መሣሪያ የማይቀይረው። አንዴ ቀስት የያዘ እስከ መጨረሻው ቀስት ነበር። እርስዎ ያኔ ሲጫወቱ በአንድ ውጊያ መሃል ሁለቴ የቀየረ ተጫዋች አይተዋል?

የጥንቱ

ኩዊክ ድሮው ያለው አይቻለሁ። ሌላ አላየሁም። ነጥብህ ገብቶኛል።

ፈላና

እሺ፣ መካከለኛውን መንገድ ልንገራችሁ። እኛ ሐረር ፓዝፋይንደር የሚባለውን የዲ ኤንድ ዲ ዘመድ ጨዋታ፣ ሁለተኛውን እትም ነው የምንጫወተው። እዚያ በተራህ ሦስት አክሽን አለህ፣ በፈለግከው ታውላቸዋለህ። መሣሪያ መምዘዝ አንድ ነው። በ2023 በታደሰው መጽሐፍ ደግሞ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ማውጣት በአንድ አክሽን ሆኗል። በፊት ለየብቻ ነበር የሚከፈለው።

«አንድ አክሽን እኮ ብዙ ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም። በዚህ ጨዋታ ሁለተኛው ምትህ ከዳይሱ 5 ይቀነስበታል፣ ሦስተኛው 10። ሦስተኛዋ ምት በአብዛኛው አየር ነው የምትመታው። ስለዚህ መሣሪያ ስትቀይር የምትከፍለው ያቺን የማትረባ ምት ነው። ዋጋ አለው፣ ግን አያከስርም። እኔ ይሄን ነው የምወደው።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንዳንድ ጠላት፣ በተለይ የሠለጠነ ወታደር ከሆነ፣ አጠገቡ ቆመህ ዕቃ ስትቀይር በሪአክሽን ይመታሃል። ስለዚህ ከመቀየርህ በፊት ማፈግፈግ አለብህ። ወይም መጣል፤ መልቀቅ ነፃ ነው፣ ያንን ምትም አይጠራም። እና ሰው በእውነት ያስባል ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚፈልጉት። «አሁን ልቀይር ወይስ መጀመሪያ ልራቅ?» የሚል ጥያቄ በየውጊያው ይመጣል።

ፈታ በሉ

እኛ ዳንጀን ወርልድ የሚባለውን ቀለል ያለ ጨዋታ እንጫወታለን። «ቀስቴን ጥዬ ጎራዴ መዘዝኩ» ይላል፣ መዘዘ። አለቀ። ዲኤሙ አደጋ አለው ካለ ዳይስ ያስጥለዋል። ምን ያጨቃጭቃችኋል?

ገገማው ጎብሊን

አንተ የምትጨቃጨቀው ሌላ ላይ ነው። ባለፈው በር ላይ ስንት ሰው ይቆማል ብለህ ክር ከፍተህ አራት ገጽ ሄዷል።

ሰንጋ በር

ስለ ጋሻው ልመለስ፣ ፋይተሩን ማንም ስላላሰበለት። ጋሻ የያዘ ሰው ቀስት አይያዝ። ጋሻውን ለማውለቅ አክሽን፣ መልሶ ለማጥለቅ አክሽን፣ ውጊያው አለቀ። መፍትሔው የሚወረወር ጦር ነው። ጃቭሊን 30 ጫማ ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል፣ በዲስአድቫንቴጅ እስከ 120። ጉዳቱ ዲ6 (ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ) ነው፣ የአጭሩን ቀስት ያክላል። የሚወረወረው በጉልበት ነው፣ ማለትም ፋይተሩ በጎራዴ በሚመታበት በዚያው ስትሬንግዝ። ቀስት ግን ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) ይፈልጋል፣ ጥሩር የለበሰ ፋይተር ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ የለውም። በዚያ ላይ ጃቭሊን ራሱ ቅርብ መሣሪያ ነው። ጠላት ከደረሰብህ አትቀይርም፣ በያዝከው ትወጋለህ።

በ2014ቱ ችግሩ መምዘዙ ነበር። ሁለት ምት ያለው ፋይተር አንዷን መዝዞ ከወረወረ ሁለተኛዋን ለማውጣት ንክኪ አይኖረውም። በኋላ በ2020 የመጣ አንድ የውጊያ ስታይል ይሄን ፈታው። በ2024ቱ ደግሞ ለሁሉም ተፈቅዷል፤ የሚወረወር መሣሪያ ከምቱ ጋር አብሮ ይመዘዛል።

አገራችንም እኮ ይሄ አዲስ አይደለም። የጥንት ፈረሰኛ ጦርና ጋሻ ነው የሚይዘው፣ አንዱን ጦር ወርውሮ በሌላው ሊወጋ። ጉግስ ያየ ሰው ያውቀዋል። እየጋለበ ዘንግ ይወረውራል፣ የተወረወረበት ደግሞ በጋሻው ይመክታል። ማንም ጋሻውን አውልቆ ቀስት ሲገትር አላየሁም።

የሳቢያኑ ቀስተኛ

30 ጫማ ምን ይሠራል? የኔ ሎንግቦው (ረጅሙ ቀስት) 150 ጫማ ነው የሚሄደው።

መኪና ግርግር

150 ጫማ የት አግኝተህ?

በእርግጥ እየጠየቅኩህ ነው። ካርታችሁ ላይ አንድ ሳጥን 5 ጫማ ነው አይደል? 150 ጫማ 30 ሳጥን ይሆናል። ሳጥኑ አንድ ኢንች ከሆነ 76 ሴንቲሜትር። ከዚራ ያላችሁበትን ጠረጴዛ አላየሁትም፣ ግን ሳምቡሳውና የሻይ ብርጭቆው ተነስቶ 76 ሴንቲሜትር ባዶ ካርታ የሚዘረጋበት አይመስለኝም። አብዛኛው ውጊያ ከ30 እስከ 60 ጫማ ውስጥ ነው የሚጀመረው። ዲኤሟ ሩቅ ርቀት ካልሰጠችህ ያንተ ሎንግቦው ከአጭሩ ቀስት የሚበልጠው በአንድ ዳይስ ነው፣ ዲ8 በዲ6።

ለዚህ ነው እኔ የሕጉ ጭቅጭቅ የማይጥመኝ። መሣሪያ መቀየር ችግር የሚሆነውም የማይሆነውም በካርታው ነው። ምሳሌ ልስጥ።

እኔ ጀጎል ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ስሜም ከዚያው ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የምትወስደውን፣ የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ ታውቋታላችሁ። እሷ እንኳ ሰፊ ናት። ከእሷ ገባ ካላችሁ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ ትንሽ ሄዶ ይታጠፋል፣ እንደገና ይታጠፋል። ግራና ቀኝ የግቢ ግንብ ነው። ይሄን ወደ ሳጥን ቀየርኩትና የአንድ ጀብዱ ካርታ አደረግኩት። በግንብ የታጠረ ከተማ፣ አምስት በር፣ ሌሊት።

ቀስተኛው ምን ሆነ መሰላችሁ? ከ25 ጫማ በላይ የሚያይበት መስመር የለም። ማዕዘኑን ዞር ባለ ቁጥር ጠላት አፍንጫው ሥር ነው። አንዴ ቢተኩስ ነው፣ ከዚያ ጎራዴ። ገደል ግቡ ብሎ ቀስቱን አንግቶ ጣራ ላይ ወጣ። ጣራ ለጣራ እየሄደ ሲተኩስ ደግሞ ሌሎቹ ታች ብቻቸውን ቀሩ። ያ ሁሉ ምርጫ የመጣው ከግድግዳው ነው። ሕጉ የ2024ቱ ነበር፣ መቀየር ነፃ ነው፣ ግን ማንም «ነፃ ሆነብኝ» አላለም። ምክንያቱም ቀይሮም አልበቃውም።

ተቃራኒውን ከፈለጋችሁ የድሬውን የደቻቱን ወንዝ አስቡ። በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰፊ፣ መደበቂያ የለው። እዚያ ጎራዴ የያዘ ሰው እስኪደርስ ሦስት ዙር ይተኮስበታል። ፋይተሩ ጃቭሊን ካልያዘ ቆሞ ማየት ነው። በደቻቱ መሣሪያ መቀየር የሚያስፈልገው ፋይተሩን ነው፣ በጀጎል ሬንጀሩን። በአንድ ጀብዱ ውስጥ ሁለቱን ካፈራረቅሽ ዲኤም ከዚራ፣ ጭቅጭቁ በራሱ ይበርዳል።

የጥንቱ

ይሄ ልጅ ጥሩ ተናገረ። ግን ካርታ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ዲኤም ምን ያድርግ? ሕግ የሚያስፈልገው ለሱ ነው።

መኪና ግርግር

ጋሼ፣ ለሱም ቢሆን አንድ ግድግዳ ያስምር። ሌላ አልጠየቅኩም።

ፈላና

እኔ አሁንም ትንሽ ዋጋ ይኑረው ባይ ነኝ። ካርታው አንድ ቀን ይጠቅማል፣ ሕጉ ግን ሁሌ አለ። መኪና ግርግር ያለውን የግራ እጅ ዘዴ በየተራው የሚሠራ ቀስተኛ ከአጠገቡ ለሚያልፍ ሁሉ ጎራዴ፣ ለራቀ ሁሉ ቀስት ሆነ ማለት ነው። ፋይተሩ ታዲያ ለምን አለ?

መኪና ግርግር

ፋይተሩ ያለው ለመመታት ነው። ሬንጀሩ ጋሻ የለውም እኮ! በሁለቱም እጁ ዕቃ ይዟል። ጋሻ 2 ኤሲ (የመከላከያ ነጥብ) ነው፣ በየተራው ያንን ይከፍላል። ዋጋ ያልከው እሱ ነው።

ዲኤም ከዚራ

እሺ፣ ቤቴ እንዲህ ትዳደራለች። ከቅዳሜ ጀምሮ የ2024ቱ ብቻ። የወደቀ መሣሪያ የደረሰበት ያነሳዋል፣ ጎብሊንም ቢሆን። ፋይተራችን አራት ጃቭሊን በነፃ ያገኛል፣ ከሞተ ጠባቂ ላይ። ፈላና፣ ያንተን ሐሳብ ወድጄው ነበር፣ ግን ሦስት አክሽን ለማስተማር ጉልበት የለኝም።

መኪና ግርግር ወንድሜ፣ የጀጎሉን ካርታ ትልክልኛለህ?

መኪና ግርግር

እልክልሻለሁ። ግን ግንቡ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እንዳትደፍኚ፣ በነሱ በኩል ነው ጅቦቹ የሚገቡት።

የሳቢያኑ ቀስተኛ

ቆይ፣ ጅብ አለ እንዴ?

መኪና ግርግር

የሐረር ካርታ ያለ ጅብ ምን ይባላል? ስድስት ናቸው። ቀላል ናቸው፣ ኤሲያቸው 11፣ ሕይወታቸው 5። አንድ ጃቭሊን ይበቃቸዋል። ችግሩ በአንድ ተራ 50 ጫማ ይሮጣሉ፣ አንተ ደግሞ የምታየው 25 ጫማ ነው። ሁለቱ ከከበቡህ በአድቫንቴጅ (ከሁለት ዳይስ ትልቁን ወስደው) ነው የሚነክሱህ።

የሳቢያኑ ቀስተኛ

ዲኤም፣ ከዚያ ጠባቂ ላይ ስንት ጃቭሊን አለ አልሽ? ሁለቱን ለኔ።